በድብቅ የተነጠፈ አልጋ

ሰኞ፣ ማርች 2። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ቀልጧል፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ። ሺፍት ላይ፦ እኔ፣ እትዬ ዘውዴ፣ ከፊሊፒንስ የመጣችው ማሪሴል።

አራተኛ ፎቅ አልቋል። እግሬ አብጧል፤ ልቤ ግን ደህና ነው። የሆቴሉ ክሊኒንግ ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ ሁለተኛ ወር ይዣለሁ። እ/ር ይመስገን።

እንግዳ ጥሎት ከሄደው መጽሔት ሌላ ገጽ ቀደድኩ። በስልኬ እየተረጎምኩ በሻይ ሰዓት አነበብኩት። መሪ አስቀድሞ ራሱን ይመራል ይላል። ሎከሬ ውስጥ ለጠፍኩት። ይኼንንስ አውቀዋለሁ፣ ማስታወሻዬ። ቀድሜ እገባለሁ። ማንም ላይ አልጮህም።

እትዬ ዘውዴ ዛሬም ገንዳው ውስጥ ፀጉር ትተዋል። መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ። አንሶላው አልተወጠረም። ማሪሴል የልጇን ፎቶ ብታሳያቸው ስልኩን ከፊታቸው አርቀው፣ ቆንጆ ናት አሉ። ልጁ ወንድ ነው። ሳቅን።

እሳቸው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ ገብቼ ሁሉንም አስተካከልኩ። እናቴን የሚያክሉ ሰው። አንቱ እያልኩ ይድገሙት ልበል? ጌታ እግር አጥቧል፤ እኔ አልጋ ባነጥፍ ምን አለበት።

ረቡዕ፣ ማርች 4። ብርዱ ተመለሰ።

ማናጀሯ ጠራችኝ። የእትዬ ዘውዴ የሙከራ ጊዜ ዓርብ ያልቃል። ክፍሎቻቸውን ራሷ ልታይ ነው። ካልወደደችው ይሰናበታሉ። ዓርብ ደግሞ እኔ እረፍት ነኝ።

ቴምፕል ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ይኼ ሥራ ከሄደ ልጃቸው ቤት መግባታቸው ነው። የአማቼን ሶፋ ከማሞቅ ሞፕ ይዤ ብሞት ይሻለኛል ይላሉ።

እረፍቴን ቀይሬ ከኋላቸው ላስተካክል? ከዚያ በኋላስ? እኔ የሌለሁ ቀን ሁሉስ?

ሐሙስ፣ ማርች 5። ከሥራ መልስ።

ተያዝኩ። እትዬ ዘውዴ ስልካቸውን ረስተው ሲመለሱ አንሶላቸውን እየወጠርኩ ደረሱብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሳልሞት አልጋዬን ለሌላ ታነጥፊያለሽ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የዓርቡንም ነገርኳቸው።

«ማሪሴልን ፊቷ ላይ ትነግሪያታለሽ። እኔን ትደብቂኛለሽ። ማክበርሽ ነው?»

የያዝኩትን አንሶላ ለቀቅኩ።

ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ሳቫና በሚወስደኝ ባስ ውስጥ ሳስበው መጣሁ። ጌታ እግር ሲያጥብ ደቀ መዛሙርቱ ተኝተው አልነበረም። ጴጥሮስ እምቢ ሲል ፊት ለፊት መለሰለት። ተደብቆ አላጠበም። እኔ ትሕትና ያልኩት ይሉኝታ ኖሯል።

ለማናጀሯ ቴክስት አድርጌ እረፍቴን ቀየርኩ። ነገ አንድም አልጋ አልነካም። የማየውን እናገራለሁ። አንቱ እያልኩ።

ዓርብ፣ ማርች 6። ፀሐይ አለ፣ ብርዱ ግን ይቆርጣል። እኔና እትዬ ዘውዴ።

በጠዋት የመጀመሪያው ክፍል በር ላይ ቆምኩ። እጆቼን የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

«እትዬ፣ ገንዳው ውስጥ ፀጉር አለ። ይድገሙት።»

ጎንበስ ብለው ፈለጉ። አላዩትም። እጄ ከኪሴ ልውጣ ይላል፤ ያዝኩት። ቀና ብለው አዩኝና ከጉያቸው መነጽር አወጡ።

«አሮጊት ናት ብለው እንዳያባርሩኝ ነበር የደበቅኩት።»

አደረጉት። ፀጉሩን አነሱ። ከዚያ ወደ አልጋው ዞሩ።

«ውይ፣ ይኼን ነው አነጠፍኩ ስል የከረምኩት?»

አንሶላውን ገፈው መሬት ጣሉና እንደ አዲስ ጀመሩ። በየክፍሉ እንዲህ ሄድን። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ያጉረመርማሉ፣ ይሠራሉ። መጨረሻ ላይ የምናገረው አጣሁ።

አሁን ማናጀሯ ከእሳቸው ጋር ውስጥ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ዘውዴ መነጽራቸውን አላወለቁም። እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ፤ ጋሪው ላይ ተደግፌ። አልገባም። እጄ ሥራ ቢያጣ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ።