በረዶ ስላጠፋልን እሳት

ለተከበሩ ገቭሪል ኢኖኬንቲየቪች፣
የወረዳችን የደን እሳት መከላከያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ በደህና እንደሚገኙ፣ የቢሮዎም ምድጃ እንደማይቀዘቅዝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለማንም ያልነገርኩትን አስቀድሜ ለእርስዎ እነግራለሁ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በጸደይ፣ አዲሱ ሣር ቶሎ እንዲበቅል ብዬ በሐይቃችን ዳር ያለውን ያረጀ ሣር በክብሪት የለኮስኩት እኔ ነኝ። እሳቱ ከላይ ሲጠፋ፣ ለዘመናት ሥርና ሣር ተነባብሮ ወደሆነው ጥቁር አፈር መግባቱን በሐምሌ ጢሱን አይቼ ዐወቅሁ፤ ቅጣት ፈርቼ ዝም አልኩ። የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ ጢሱ ሲሰወር ተገላገልኩ አልኩ። በታኅሣሥ ባለቤቴ ትሮፊም፣ እንደ ልማዳችን መሬቱ በብርድ ድንጋይ እስኪሆን ጠብቆ፣ ድርቆሽ ሊያመጣ በትራክተር ወጣ። ሜዳው ከሥሩ ተበልቶ ኖሮ አፉን ከፈተ። ስናወጣው ከወገቡ በታች በስሎ ነበር፤ ሽፋሽፍቱ ላይ ግን በረዶ ነበር።

እንግዲህ ወንጀለኛ ነኝ፤ ከእርስዎ ጋር በእኩልነት ለመነጋገር ይህ ያበቃኛል ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ በዚያው ሜዳ ዘንድሮ በሐምሌ መብረቅ የተነሣውን እሳት “በበረዶ ጠፍቷል” ብለው በጥቅምት ስለፈረሙልን አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤት ብዙም አልሄድኩም፤ ነገር ግን ከቤተ መጻሕፍታችን ስለ አፈር የተጻፈ አንድ የተቀደደ መጽሐፍ አንብቤ፣ ደረቅ በረዶ አየር ይዞ እንደ ብርድ ልብስ እንደሚያገለግል፣ የላዩን ብርድ እንደሚከለክል፣ የታቹን ሙቀት እንደሚያቅፍ ተረድቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከዜሮ በታች በሃምሳ ዲግሪ ብርድ ሜዳው ላይ የብረት ዘንግ ሰክቼ ስመዘው ጓንቴን ጠበሰው። እርስዎ ዘንግ አያስፈልግዎትም፤ ብዕር አለዎት።

ሁለተኛ፣ በዚያው ሜዳ ሣር ፍለጋ በረዶ ስትጭር መሬቱ የዋጣትን የትራክተር ነጂውን የቢሊፕን ባዝራ “አዳልጧት ሞተች” ብለው ስለመዘገቡላት አመሰግናለሁ። ስትጎተት የእግሮቿ ቆዳ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። ቢሊፕ በመጥረቢያ ሦስት ጊዜ መታት፤ ከሁለተኛው በኋላም ትጮህ ነበር።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊዎ ስላሳየችኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። “በረዶ ውሃ አይደለም እንዴ፣ እናቴ? ውሃ ከወረደበት እሳት ምን ይቀራል?” ብላኝ፣ መልሴን ሳትሰማ ሻይዋን ቀጠለች። ቢሊፕም በዚያ ሜዳ ለመንዳት እንዲደፍር ወረቀትዎ ረድቶታል። እንዳይሄድ ብለምነው፣ “አንድ ጉድጓድ ነው እማማ፣ ዞረን እናልፋለን! ላሞቹስ ወረቀት ይብሉ? ደግሞ ኃላፊው መንገዱ ክፍት ነው ብሏል፤ ከእሱ ትበልጫለሽ?” አለኝ። እንዴት እበልጣለሁ! ሰኞ ጠዋት ስድስት ትራክተር በዚያ ሜዳ ያልፋል።

የምለምነው ትንሽ ነው፦ መንገዱን ይዝጉ፤ ድርቆሹን በሐይቁ ማዶ ያዙሩት፤ የሚጤሰውን አፈር ቆፍሮ እስከ ሥሩ የሚበትን ሰው ይላኩ። ፊርማዎ መሳሳቱን ማመን እንደሚያምም ዐውቃለሁ። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ እስከ ሰኞ አለዎት።

በሥልጣንዎ ሙቀት የምትኖር፣ ለክብርዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ የሜዳው እሳት ለኳሽ
አክሲኒያ፣ የትሮፊም ሚስት የነበረች

ማስታወሻ፦ ወረቀትዎን የሚያምኑት ከሆነ ሰኞ ከቢሊፕ ጎን የመጀመሪያው ትራክተር ላይ ይቀመጡ፤ ወንበሩ ለሁለት ይበቃል። እኔ ሜዳው መግቢያ ላይ እቆማለሁ፤ የሚያልፍ በእኔ ላይ ይለፍ። ከዚህ ደብዳቤ ሦስት ቅጂዎች አንዱ ለእርስዎ ነው፤ አንዱን ለስድስቱ ነጂዎች በሱቁ በር እለጥፈዋለሁ። ሦስተኛው ለትሮፊም እናት፣ ለኦግዶ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ዛሬ ከምሳ በኋላ እኔው አነብላቸዋለሁ።