የገስግስ መርፌ

የካቲት 11 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ለፈረሴ ለገስግስ ገብስ ሰጠሁት። ግማሹን ተወው። የሐጂ ቃሲም ባዝራ ዛሬም መጣች። ጅራቷን አንስታ ቆመችለት፤ አሸተታትና ዞር አለ። ሐጂ ከት ብሎ ሳቀብኝ። የልጅነት ጓደኛዬ ባይሆን በከዘራ እለው ነበር።
ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። አገሩ አባ ገስግስ የሚለኝ በፈረሴ ስም ነው። የመጀመሪያው ገስግስ ሞተ፣ ልጁ ተተካ፤ ይኼኛው የልጅ ልጁ ነው። ውርንጭላ ሳይተው ከሄደ ስሙ አበቃ። የቀብሬ ዕለት ኮርቻ ተጭኖ ከሬሳዬ ፊት የሚሳበው ማን ሊሆን ነው? የሐጂ አህያ?

የካቲት 14
የከብት ሐኪሙ ከአሰላ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሁት። መርፌው የወንድነት ቅመም ነው አለኝ፤ ሆርሞን ይሉታል። ጠብታ ከተረፈህ ለኔም አልኩት። ልጁ ጆሮው ቀላ። ልጄ ብርቄ እግዜርን ይፍሩ ብላ ተቆጣችኝ። ሐኪሙ ገስግስን ወጋው።

የካቲት 23
ተነሳ! አጥር ሰበረ። ብርቄን ሊነክሳት ለጥቂት ሳታት። ሲያሽካካ በቆጂ ድረስ ይሰማል። ባዝራዋን ደጋግሞ ሰረራት። ሐጂ መሳቁን ተወ።
ሐኪሙ ይብቃው፣ እንጠብቅ አለ። እኔ ጨምርለት ብዬ ቁም ስቅሉን አሳየሁት። ጨመረለት።

መጋቢት 13
ባዝራዋ እንደገና ወንድ ፈለገች። አልያዘችም።

መጋቢት 20
ሐኪሙ የገስግስን ዘር በማጉያ መነጽር አየ። ቆለጡን ዳሰሰ። አንሷል፤ በዓይኔ አየሁት። መርፌው ፍላጎቱን አነደደው እንጂ ዘር አልሰጠውም አለኝ። ቅመሙ ከውጭ ሲመጣለት ገላው የራሱን መሥራት አቆመ። ብንተወው በወራት ይመለስ ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜው ግን ቃል አልገባም አለ። ልቆጣው ፈለግሁ። ጨምርለት ያልኩት እኔ። ቀልድ ፈለግሁ፣ ጠፋኝ።

መጋቢት 29
የመርፌው ኃይል አለቀ። ገስግስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሐጂ መጣ። በቆጂ ሸጋ ውርንጭላ አለ፣ ገዝተን ገስግስ እንበለው አለ።
«ማን ያውቅብሃል?»
«ገስግስ ያውቃል» አልኩት።
መሬት መሬት አየ። በሞት ከቀደምከኝ ራሱን ገስግስን እኔው እስብልሃለሁ አለ። ፈረሱ ቢቀድመኝስ? አልጠየቅሁትም።

ሚያዝያ 2፣ ከሰዓት
ሐኪሙን ከነመርፌው መለስኩት። ነገ ገስግስንና ባዝራዋን አንድ መስክ ላይ እለቃቸዋለሁ። ሐጂ እሺ ብሏል። ውርንጭላ አልጠብቅም። ብቻውን አይቁም ብዬ ነው።
ለብርቄ ነግሬያታለሁ። ገስግስ ከቀደመኝ በቀብሬ ሌላ ፈረስ እንዳይሳብ። ባዶ ኮርቻውን ሐጂ ተሸክሞ ከፊቴ ይሂድ። ከባድ ነው፣ ወገቡም ያመዋል። ይሸከም። ሲስቅብኝ አልነበር?