የፊት ለፊቱ ደረጃ

ለውድ ወንድሜ ለሲላስ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የማዕድኑ አቧራ አሁንም ያስልሃል ወይ? ማሪያንና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ፣ እማም እኔም ውሻውም ሳይቀር፣ ደኅና ነን። የሸንኮራ ቆረጣው ተጀምሮ መንደሩ ጭስ ጭስ ይላል።

ባለፈው «ቤቱን ምስጥ ከበላው ሽጪውና እማን አፓርታማ አስገቢያት» ብለህ የጻፍከውን አነበብኩላት። ሳቀች። ቀጥላም «ልጄ የማን ቤት እንደሆነ ረስቶታል፤ ንገሪው» አለችኝ። ታዝዣለሁና አርፈህ አንብብ።

ቤቱን የሠራው የስኳር ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሃልፔኒ ነበር። አያታችን ሎቲ ልብስ አጣቢው ነበረች። የምታጥበው ከወለሉ በታች፣ ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርገው በተሸከሙት ምሰሶዎች መካከል ነው፤ እማም በልጅነቷ ሳሙና ታቀብላት ነበር። አያቶቻቸው ለሸንኮራ ሥራ ከባሕር ማዶ ደሴቶች በመርከብ የመጡ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች የፊቱን ደረጃ አይረግጡም፤ መግቢያቸው በጓሮ ነበር። ሃልፔኒ ሲሞት ማልታዊው ዛሚት ገዛው። ሳሎኑ ውስጥ ሽንኩርት ያደርቅ ስለነበር ዝናብ ሲጥል ሽታው ዛሬም ይመጣል። ዛሚት ሲያረጅ፣ ሌላ ገዢ ሞልቶ ሳለ፣ ለአያታችን ለኖኅ ሸጠለት። «ስንት ዘመን ሸንኮራ አብረን ቆርጠናል፤ ካንተ በላይ ለማን ይገባል?» አለው።

ሎቲ ግን የቤቱ እመቤት ሆናም በጓሮ መግባቷን አልተወችም። «የፊቱ ለእንግዳ ነው» ትል ነበር። እማም ከእሷ ወረሰች። እኔና አንተስ ብንሆን መች ለምን ብለን ጠየቅን?

ለምስጡ ያስመጣሁት ምሰሶ ቀያሪ ኬልቪን ቤቱን በክሪክ አንስቶ የተበሉትን ምሰሶዎች በብረት ተካቸው። ግድግዳው ጤነኛ ነው፤ ምስማር እንኳ አላስገባ አለው። የፊቱን ደረጃ ሲያይ ግን «በስብሷል። ደግሞ ማንም አይወጣበትም፤ ላፍርሰውና የጓሮው ይበቃችኋል» አለ። ደሜ ፈላ። «ከፈለግህ የጓሮውን አፍርስ!» አልኩት። ሰውዬው ደንግጦ የፊቱን ከድሮው አስፍቶ ሠራው።

ቅዳሜ ዕለት አለቀ። እማን ክንዷን ይዤ ብወስዳት እግሯ ወደ ጓሮ ዞረ። «ጉልበቴ አይችልም» አለች። የጓሮው እኮ ይብሳል፣ አቀበት ነው አልኳት። ጫማዋን ጠራርጋ ብቻዋን ወጣች። ከላይ ስትደርስ በሩን አንኳኳች። ሲላስ፣ በገዛ ቤቷ በር ላይ ቆማ እስኪከፈትላት ትጠብቃለች። እንባዬ መጣ። በጓሮ ሮጬ ገብቼ ከፈትኩላትና «ይግቡ እመቤቴ» አልኳት።

«አልገባም። ወንበር አምጪልኝ፤ መንደሩ ሁሉ ሳያየኝ አልገባም» አለች።

አላፊ አግዳሚውን ሰላም ስትል እዚያው ዋለች። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ቤቱ አይሸጥም።

ማሪያንን ሳምልኝ። ጆኤል ቁመቱ አባቱን አልፏል የሚባለው እውነት ከሆነ ጎንበስ ብሎ ሰላምታዬን ይቀበል። ትንሿን ኢዲን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ። እማ ሁላችሁንም ትስማለች። ለገና ስትመጡ ግን ተጠንቀቁ፤ ከላይ ሆና ታያችኋለች፣ በጓሮ ለመጣ ሰው እራት የለም ብላለች።

እህትህ ዶርካስ
ማካይ፣ ኩዊንስላንድ
ነሐሴ 8 ቀን 2003 ዓ.ም.