የውሃ ተራ ስለደረሰው አህያና መዝገቡን ስለመረመሩት ጓዶች

ለተከበሩ ጓድ ታከለ፣
የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበርና የቦያችን የበላይ ጠባቂ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቆላው ሙቀትም እንዴት እንደያዘዎት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ከጥማቱ በቀር ደህና ነን።

ቀጥዬ ከባድ ዜና ስለማረዳዎ ቢቀመጡ ይሻላል። ባለፈው ማክሰኞ፣ በማኅበራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ አህያ የመስኖ ውሃ ተራ ደርሶታል።

የዘንድሮውን የውሃ ተራ መዝገብ እንድገለብጥ የታዘዝኩት፣ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የጎበኘሁት እኔ ነኝ። እርስዎም መዝገቡን በፈቃዳቸው ሊመረምሩ እጃቸውን ያወጡትን ሦስት ጓዶች በስብሰባ ላይ አስነሥተው “ከእነዚህ ዓይን ቅማል አታመልጥም” አሉን፤ አጨበጨብን። እኔ ደግሞ ሙገሳ ሲበዛ እጄን ይበላኛል። ስለዚህ ሆን ብዬ ሦስት ስህተት ዘራሁበት። ኋላ ፈጠረ እንዳልባልም ሦስቱን በወረቀት ጽፌ አስቀድሜ ለጎረቤቴ ለጋሽ አብዱረዛቅ አደራ ሰጠሁ።

1ኛ. የጋሽ አብዱረዛቅን አህያ “ቡላ አብዱረዛቅ” ብዬ የማኅበር አባል አደረግሁት። የመርማሪዎቹን እህል ወፍጮ ቤት የሚያመላልስ እሱው ነው፤ አላወቁትም።

2ኛ. ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለጋሽ ለማ የሐሙስ ጠዋት ውሃ መደብሁላቸው። ቃሬዛቸውን የተሸከሙት እነዚሁ ጓዶች ናቸው፤ አሁንም አለፉት።

3ኛ. ከቦዩ በላይ ላለው ጉብታ ዓርብን ሰጠሁ። ውሃ ሽቅብ ይወጣል ብለው ሦስቱም ፈረሙ። እንደ ጓዶቹ ነቅቶ ይሆናል ውሃውም።

4ኛ. ይህን የዘራሁት እኔ አይደለሁም። ባላቸው የሞተባቸው የእትዬ ራህመት ስም ከራስዎ ረቂቅ ላይ ወድቆ ነበር፤ እኔ እንዳለ ገለበጥኩት፣ መርማሪዎቹም እንዳለ አጸደቁት። አራት ልጅ የሚያሳድጉበት ሽንኩርት ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል።

የስማቸውን መውደቅ እንዳየሁ ከጋሽ አብዱረዛቅ ጋር እርስዎ ዘንድ መጥቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እሳቸውም ወረቀቱን አውጥተው “ወላሂ፣ የአህያዬን ተራ ለራህመት አድርጉልኝ” ብለው ለመኑ። እርስዎ ግን ተመርምሮ የተፈረመ መዝገብ አይነካም ብለው እኔን ከጸሐፊነት አወረዱ፣ መርማሪዎቹን በጭብጨባ አመሰገኑ። ማክሰኞ የቦዩ ዘበኛ በመዝገቡ መሠረት ውሃውን ለአህያው ለቀቀ። አህያው እርሻ ስለሌለው ውሃው ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት አጠበ፤ እትዬ ራህመት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዳር ቆመው አዩ። ለዚህ ሁሉ ንቃት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ደግሞስ ነገሩ ይህን ያህል የሚያስጽፍ አልነበረም። አንድ መስመር መሰረዝና የሁለት ሰዓት ውሃ ነው። እኔን መልሱኝ አላልኩም። ሽንኩርቱ እስከ መጪው ማክሰኞ ይቆያል ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እንኳን ሦስት፣ ሠላሳ ፈራሚም አያነሣው። ትንሽ ነገር ነው፤ ለእርስዎ እንኳ የሚያንስ።

በጥላዎ ሥር የደረቅሁ፣ ከሥራ ብወርድም ከአክብሮቴ ያልወረድኩ፣
ዓለሙ ወልደማርያም
ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 1974 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ብለጥፈው ሳያዩት እንዳይቀሩ ስለሰጋሁ፣ እትዬ ደብሪቱ ጠላ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከመቀመጫዎ ትይዩ ለጥፌዋለሁ።