ያልተረጋገጠ ሞት

ለምወድህ ወንድሜ ለዘርሁን፣

እንዴት ከርመሃል? የእማዬ ጉልበትስ፣ ክረምቱ ሲወጣ ተሻለው? ቲቶ ትምህርቱን ይዟል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ እንግሊዝኛ እንደምማር ነግሬህ ነበር። አስተማሪያችን ሉቃስ ሰሞኑን የሰበር ዜና ቃላት እያስጠናን ነው። ገና እየሆነ ያለ ነገር «ዴቨሎፒንግ» ይባላል፤ ያልተረጋገጠው «አንኮንፈርምድ»። «የታወቀውን ተናገሩ፣ ያልታወቀውን አልታወቀም በሉ፤ መሃሉን ከራሳችሁ አትሙሉ» ይለናል። እኔ ደግሞ መሃሉን መሙላት ልማዴ ነው። ስልክ ካላነሳህ ቀብሬህ፣ አልቅሼ እጨርሳለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አከራዬ ኦቦ ደቻሳ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ዓለም ገና አጠገብ ተገለበጠ። ስልካቸው ዝግ ነው። አንድ ሰው ደውሎ «የተረፈ የለም» አለ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ የሺጥላ ሌላ አልጠየቀም፤ ነፋ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ድንኳን በራችን ላይ ተተከለ። ባለቤታቸው አዴ ተረፈች ወፍጮ ቤት ናቸው። መርዶውን ማን ይንገር ሲባል ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። «እንደ ልጃቸው ያዩሻል፣ አንቺ ሂጂ!»

መንገዱን እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። እግሬ። አቧራው። ያ የጡሩምባ ድምፅ። አዴ ተረፈችን ዱቄት ለብሰው ሳያቸው የሉቃስ ቃል ትዝ አለኝ። «ኦቦ የተሳፈሩበት መኪና ተገልብጧል። እስካሁን የታወቀው ይኸው ነው። የእሳቸውን ነገር ያረጋገጠ የለም» አልኳቸው። «ታዲያ አልሞተማ! ነይ፣ ዱቄቱን አሸክሚኝ» አሉ።

ሰፈር ደርሰን ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ። ወዲያው ከማዶ አንድ ሰው ደረቱን እየደቃ፣ «ተረፈች ኮ! ተረፈች ኮ!»፣ በኦሮምኛ «ተረፈች የኔ!» እያለ እያለቀሰ መጣ። ኦቦ ደቻሳ! ለካ የበግ ዋጋ ሊጠይቁ፣ መኪናው ሳይገለበጥ ወርደው ኖሯል። ሲመለሱ በራቸው ላይ ድንኳን ቢያዩ፣ ሚስቴ ሞተች ብለው ነው።

«አንተ ደቻሳ! እዚህ ቆሜ ማንን ነው የምታለቅሰው?» አሉ አዴ ተረፈች፤ ዱቄቱ ከጀርባቸው ወደቀ። ተቃቅፈው ሁለቱም ነጭ ሆኑ። የሺጥላ ጡሩምባውን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። ከተሳፋሪዎቹም ሁለቱ ክንዳቸው ተሰበረ እንጂ ነፍስ አልጠፋም። ለለቅሶ የመጣው ሰው እዚያው ድንኳን ውስጥ በላ፣ ሳቀ፤ የእኛም መዘምራን መጥተው ዘመሩ።

ደስታው እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ግን አንዳንዴ፣ ፋብሪካ ማሽኑ ላይ ቆሜ፣ «ሞተዋል» ብዬስ ቢሆን እላለሁ። ያን መንገድ አዴ ተረፈች ባል እንደሌላቸው ሆነው ይመለሱት ነበር።

ኦቦ ደቻሳ ግን ጠዋት ከፈረቃ ስገባ በር ላይ ይጠብቁኛል። «ፀዲ፣ ዛሬስ አለሁ?»

«ተረጋግጧል» እላቸዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ ብላሻለች ብለህ ለአቤኒ ንገራት። ቲቶን ግንባሩን ሳምልኝ። ብርሃነሽንና ሕፃኑን፣ ጎረቤቱንም ሁሉ በጌታ ፍቅር ሰላም በልልኝ።

እህትህ ፀዲ
ሰበታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.