ስድስተኛዋ እርምጃ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ይዞሻል? ሙሉ ቀን የስፌት መኪናሽ ላይ ጎብጠሽ እየዋልሽ ምንም አላመመኝም ማለቱን አሁንም አልተውሽም? ዓይንሽስ? መነጽር ግዢ ባልኩሽ ቁጥር ገና አላረጀሁም ትይኛለሽ። ክሩ በመርፌ ቀዳዳ አልሾልክ ካለሽ የጎረቤታችንን ልጅ ጥሪያትና ታሹልክልሽ፤ ኩራት ቀሚስ አይሰፋም።

ከዚህ ቀጥሎ እኔ ደህና ነኝ ማለት ወጉ ነበር። ዛሬ ዘልዬዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ስለ ዝናቡና ስለ ደንበኞችሽ ስናወራ ቆይተን ዘጋሁት። ድምፅሽን ስሰማ ወኔዬ ይከዳኛል። ስለዚህ ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ደንበኛ ቢመጣም ይጠብቅ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ረቡዕ ደረሰኝ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ገመና በስልክ እንደማታወሪ ስለማውቅ፣ ገና ፖስታውን ሳየው ነው የደነገጥኩት። ታናሽ ወንድሜ ጠጪ ሆኗል ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከምግብ ቤቱ የተባረረው ትሪ ሙሉ ብርጭቆ እንግዳ ላይ ደፍቶ እንደሆነ፣ ሲደፋም ሦስተኛ ጊዜው እንደነበር፣ ባለቤቱም በጠራራ ፀሐይ ሰክሮ የሚያስተናግድ ሰው አልፈልግም እንዳለው። ቤት ሲገባ የበሩን መቃን በትከሻው እንደሚገጭ፣ ሲያወራ ምላሱ እንደሚተሳሰር፣ አልቀመስኩም ብሎ ሲምል ደግሞ ከመጠጡ ይልቅ ውሸቱ እንደሚያበግንሽ። ልብሱን በፌስታል አድርገሽ ደጅ አውጥተሽለት፣ አሁን ጓደኛው በሚሠራበት ጋራዥ ነው የሚያድረው። ታላቅ እህቱ ነሽና፣ እኔን ባይሰማ አንቺን ይሰማልና፣ አጥንት ድረስ የሚገባ ቁጣ ጻፊለት አልሽኝ። አባትና ልጅ አንድ ሆኑብኝ ብለሽ ጨረስሽ።

ቁጣውን አልጻፍኩትም። ለምን እንዳልጻፍኩት ለመንገር ግን የራሴን ነገር ማስቀደም አለብኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን።

የመመረቂያ የዳንስ ሥራዬ ስለ መራመድ ነበር። አምስት ሰዎች ከሥራ ወጥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ በቃ። አይዘሉም፣ አይሽከረከሩም። ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳሉ፣ መስመሮቹ ይቋረጣሉ፣ ማንም ከማንም አይነካካም። ይህን ስነግርሽ መራመድ ለመማር ነው እንዴ አራት ዓመት ኮሌጅ የተቀመጥሽው ማለትሽ አይቀርም። ልክ ነሽ፤ ግን ሰው ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሚያምር ነገር ነው፣ እናቴ። እኔ ያንን ውበት ብቻ ነበር መድረክ ላይ ማውጣት የፈለግኩት።

የኮሪዮግራፊ፣ ማለትም የዳንስ ድርሰት መምህራችንን ሰባት ስምንት ነው የምንለው። ምንም ነገር ሊያስጀምር ሲል ሰባት፣ ስምንት ብሎ ስለሚቆጥር ነው፤ ሻዩንም ሳይቆጥር አይጎነጭም እያልን እናማዋለን። ሰውየው አንድ የማይሻር ሕግ አለው። በልምምድ አዳራሹ ያለው መስታወት በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኖ ነው የሚውለው። መስታወት ያየ ዳንሰኛ ራሱን ሲያደንቅ ይውላል፣ ዳንስ የሚተላለፈው ከገላ ወደ ገላ ነው ይላል። ስለዚህ አስተማሪው ጀርባውን ሰጥቶ ከፊት ይቆማል፣ ተማሪዎቹ ከኋላው ሆነው ትከሻው የት ጋ ዝቅ እንዳለ፣ ትንፋሽ የት ጋ እንደሳበ ሳይቀር ይወስዳሉ። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም፣ ማስረዳትም የለም።

እኔም ለአምስት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለት ወር ያህል እንዲሁ ከፊት እየሄድኩ አስተማርኩ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ያዩትን አንድም ሳያስቀሩ ይወስዳሉ። በዚያ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይደክመኝ ነበር፣ ሁለት ሦስት ጊዜም ወድቄያለሁ። ወለሉን የሚወለውለውን ሰውዬ ሰም አብዝተህ ልትገድለን ነው ብዬ ተጣላሁት። ምስኪን፣ አንገቱን ደፍቶ በደረቅ ጨርቅ ደግሞ ወለወለው። አንድ ቀን ደግሞ ከአምስቱ ትንሿ፣ ሚጢጢ የምንላት፣ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ያለው መንገዳገድ ሁልጊዜ በቀኝ ነው ወይስ ይቀያየራል ብላ ጠየቀችኝ። የምን መንገዳገድ አልኳት። አሳየችኝ። እያሾፈችብኝ መስሎኝ ቀልዱን ተዪና ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ለካ ሌት ተቀን ያንኑ ስትለማመድ ነው የከረመችው።

የፈተናው ቀን ሦስት ፈታኞች ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ለፊት ለማየት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ በራ፣ አምስቱ ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ እንደ ክር ቀጥ ብለው መጡ። ስድስት ሲሆን አምስቱም በአንድነት ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ እግራቸውን ሰፋ አድርገው መሬቱን ፈልገው እንዳገኙት ሁሉ አሳረፉት፣ በሰባትና በስምንት እንደምንም ተመለሱ። ከዚያ እንደገና። ከተመልካቹ ሳቅ ተሰማ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው። ከውጭ የተጋበዘችው ፈታኝ በኋላ ስትናገር፣ በሠላሳ ዓመት የመድረክ ሕይወቷ ሰካራም እንዲህ ሳይሾፍበት ሲቀርብ አይታ እንደማታውቅ ገልጻ፣ ከማን አጥንተሽው ነው አለችኝ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

እኔ ግን አረማመዱን አውቀዋለሁ። አንቺም ታውቂዋለሽ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ያ ጠባብ መንገድ፣ ያ የጡብ አጥር። አባቴ ከቀለም ቅብ ሥራው እየመጣ ነው፤ በአንድ እጁ የብሩሽ ቆርቆሮውን ይዟል፣ በሌላው አጥሩን እየዳሰሰ ይሄዳል። የሰፈር ልጆች ከኋላው ተሰልፈው እሱን እየመሰሉ ይከተሉታል። ቆርቆሮው አጥሩን ሲመታ ሲሰማሽ መኪናሽን አቁመሽ ትነሺና በሩን ትቆልፊዋለሽ። ያንኳኳል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልቀመስኩም ይላል፣ ምላሱ እየተሳሰረ። የቀለም ማቅጠኛው ሽታ ከልብሱ ስለማይጠፋ ይኸው ይሸታል እንል ነበር። እንል ነበር ነው ያልኩት፤ እኔም ከበሩ ኋላ ካንቺ ጋር ነበርኩ። አንድ ቀን እንዲያውም፣ አንቺ አልሰማሽኝም ይሆናል፣ በቁልፉ ቀዳዳ አፌን አድርጌ ሰካራም አልኩት። ከዚያ በኋላ ማንኳኳቱን ተወ። እህቱ ቤት ገባ፣ እዚያው ሞተ። በለቅሶው ላይ አክስቴ ጠብታ በአፉ አልዞረም ብትል አኩርፈሻት እስከ ዛሬ እንደተዘጋጋችሁ ናችሁ።

ከፈተናው በኋላ ሰባት ስምንት እንኳን ደስ ያለሽ አላለኝም። አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ጠብቆ መጋረጃውን ከመስታወቱ ላይ ሳበው። በወለሉ ጣውላ መጋጠሚያ ላይ ወደ እኔ ነይ አለኝ። ሳይቆጥር ሲያስጀምር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሄድኩ፤ ራሴን አየሁት። ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ አለኝ። ምን አልኩት። ሰውየው ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። በአንቺ ላይ ሳየው ስልት መስሎኝ ነበር፣ በአምስት ጤነኛ ልጆች ላይ ሳየው ግን ሕመም መሆኑ ገባኝ አለኝ።

ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። ሐኪሙ ጣትሽን አፍንጫሽ ላይ፣ ከዚያ ጣቴ ላይ፣ ተረከዝሽን ከእግር ጣትሽ ፊት እያለ እንደ ሕፃን አጫወተኝ። ደም ሰጠሁ። ውጤቱ የመጣ ዕለት የሰው ጭንቅላት ሣለልኝና ከኋላ በኩል ያለችውን ክፍል በእስክሪብቶ አጠቆረልኝ። ቀስ በቀስ የምታልቀው እሷ ናት አለኝ። መጀመሪያ እርምጃ፣ ቀጥሎ እጅ፣ ቀጥሎ ንግግር። መድኃኒት የለውም፤ ስፖርት ትንሽ ያዘገየዋል። ከወላጅ የሚወረስ ነው፣ ከሁለት ልጅ አንዱን ያገኛል፣ አንዳንዴም ሁለቱንም። ከእናትሽ ነው ከአባትሽ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እናቴ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው አልኩት። መዝገቡ ላይ ጻፈው።

ከዚያ ምልክቶቹ የተዘረዘሩበት፣ ይህች ሰው አልሰከረችም የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። በዚህ በሽታ ብዙ ሰው ከሥራ ይባረራል፣ ፖሊስ ይይዘዋል፣ ቤተሰብም ያባርረዋል አለኝ። የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። እኔ ግን ከወንበሩ ለመነሳት ጊዜ ፈጀብኝ።

እንግዲህ የኔ ነገር ይኸው ነው። በመጪው ወር እመረቃለሁ። ሊቀጥረኝ ለነበረው የዳንስ ቡድን አልችልም ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ስምንት ኮሪዮግራፈር በጭንቅላቱ እንጂ በእግሩ አይሠራም እያለ ሊያጽናናኝ ይሞክራል፤ እሱም አያምነውም፣ እኔም አላምነውም። ባለፈው ሳምንት አምስቱ ልጆች ነገሩን ሰምተው መጡ። ሚጢጢ ለምረቃው ዝግጅት ስድስተኛዋን እርምጃ እናስተካክላት ወይ አለችኝ። እሺ ብዬ ከፊታቸው ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሞከርን። የማሳያቸው ቀጥ ያለ እርምጃ አጣሁ፣ እናቴ፤ የሰጠኋቸው ያለኝን ነበር። እንዳለ ይሂድ ብለን ተውነው። አታልቅሺ አልልሽም፣ እኔም አልቅሻለሁ፤ ስታለቅሺ ግን የምትሰፊውን ልብስ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሐኪሙ የሰጠኝን ወረቀት ከደብዳቤሽ ጎን አስቀምጬ አነበብኩ። ወረቀቱ ላይ ከተዘረዘሩት አራት ምልክቶች ሦስቱን አንቺ ጽፈሽልኛል። አባቴ ሲሞት ወንድሜ ገና በእቅፍሽ ነበር፤ ያንን አረማመድ ከማንም አይቶ አልተማረውም።

ስላለፈው አልጠይቅሽም። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። ሁለት ልጅና አንድ መኪና ይዘሽ ብቻሽን ነበርሽ፣ በሩ የተቆለፈውም በእኔም ጭምር ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ይህን ደብዳቤ አጣጥፈሽ ዛሬውኑ ወደ ጋራዡ ሂጂ። ምንም ሳትናገሪ ጠጋ ብለሽ ትንፋሹን አሽትቺው። እሱ ቀለም ቀቢ አይደለም፣ ሽታው አያሳስትሽም። መጠጥ መጠጥ ከሸተተሽ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ያን ጊዜ ያልሽኝን ቁጣ ሁለት ገጽ ሙሉ እጽፍለታለሁ። ወንድሜ ሰካራም በሆነ ብዬ እመኛለሁ ብሎ ማን ያስብ ነበር? ሦስት ሌሊት ፈጣሪን የለመንኩት ግን እሱን ነው።

ካልሸተተሽ ምንም አትበዪው። በቀኙ ሆነሽ ክንዱን ያዢና ወደ ቤት ውሰጂው። በሩን አስቀድመሽ ክፈቺው፤ አያንኳኳ።

ለአክስቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቤቷን አትረሺውም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናው፣ ወደ ደጅሽ የሚመለስ ልጅ አያሳጣሽ።

የአንቺና የእሱ ልጅ