መንገድ ላይ ሰላም የማይሉኝ ተማሪዎቼ

እጅግ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ ይቆረጥመኛል ያልሽው ነገር ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም አልሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ያ የኩሽና ጣሪያ ተጠገነ ወይስ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ባልዲ ትደግኚለታለሽ? እኔ ሰውነቴን ከጠየቅሽ ደህና ነኝ፤ ሳሉም ቀሎልኛል። የቀረውን ግን በአንድ «ደህና ነኝ» ላልፈው አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ባለፈው ስንደዋወል «እዚያ አገር ይህን ያህል ዘመን ስትኖር ወዳጄ የምትለው አንድ ሰው እንዴት አጣህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ሥራ በዛብኝ ብዬ ሸፋፈንኩት። አንቺ ደግሞ ተቆጥተሽ «እንግዲያው ከእንጨትህ ጋር ተጋባ!» አልሽኝ። ስቄ ስልኩን ዘጋሁ፤ ሳቁ ግን የጥርስ ነበር።

ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ ማረሚያ ቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ሰው ሲሰማ ወንበርና ጠረጴዛ ማሠራት ብቻ ይመስለዋል። መጋዝና መላጊያ መያዝማ ማንም ይለምደዋል። የሚከብደው ሌላው ነው። ብዙ ዘመን የታሰረ ሰው በር ሲያይ ይቆማል፤ ሌላ ሰው እስኪከፍትለት ይጠብቃል። «ዛሬ ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ብትይው ያፍራል፤ መፈለግን ረስቶታል። ስለዚህ መውጫቸው ሲቃረብ ሥራቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ፣ ዋጋ እንዲከራከሩ፣ «አይሆንም» ሲባሉ ሳይቆጡ እንዲችሉት አለማምዳቸዋለሁ። አንዳንዴ እኔው ነገረኛ ደንበኛ እሆንና ሠርተው የጨረሱትን ወንበር «ይሄማ የዶሮ ቆጥ ነው» እያልኩ አጣጥላለሁ። በሳቅ ይፈርሳሉ። እትዬ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የምስቀውን ያህል ሌላ ቦታ ስቄ አላውቅም።

ከሁሉም የቀረበኝ አንድ ነበር። እንጨት ሊቆርጥ ሲል ሁልጊዜ «ቆይማ» ስለሚል ስሙ ቆይማ ሆኖ ቀረ። ጎረምሳ ሆኖ ገብቶ ጸጉሩ እዚያው የሸበተ ሰው ነው። ምን አድርጎ እንደገባ ጠይቄው አላውቅም፤ የእሱን የሚያውቁ ሌሎች አሉ፣ የእኔ ሥራ ከዚያ ወዲህ ነው። እናቱ ያረፉት እሱ ውስጥ ሳለ ነው፤ መርዶውን የሰማው እኔ ክፍል፣ እጁ በኮላ እንደተለወሰ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ አንዲት ሳንቃ ይፈገፍግ ጀመር፤ እኔም ሌላ ቁራጭ አንስቼ ከወዲያኛው ጫፍ አብሬው ፈገፈግሁ። እንባው ሰጋቱራው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወንድማማች ሆንን ብልሽ ማጋነን አይሆንብኝም።

ሲፈታ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። የሥራ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቆይማ ግን ደፉ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሽማግሌው የኔ ቢጤ መስሏቸው ቀና ሳይሉ «እግዜር ይስጥህ» አሉት። ፈጥኜ ገባሁና ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳስተማርኩት፣ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የያዙትን መላጊያ አስቀምጠው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። በኋላ «እንግዲህ ቅጣቱን ጨርሷል፤ እኔ ምን ቤት ነኝና ሁለተኛ ዳኛ የምሆነው? ይግባና እጁን ያሳየኝ» አሉ። ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። እኛ ዘንድ ደንብ አለ፤ የተፈታን ሰው አንዴ ሥራ ካስያዝነው ወዲያ ቤቱም ሆነ ሥራው ድረስ አንከተልም፣ መንገድ ላይ ብናገኘው ቀድመን ሰላም አንልም። እኔን ማወቁ ብቻ «የት ተዋወቃችሁ?» ያስብላልና። እንግዲህ አየሽ፣ ወዳጅ ያጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ወዳጆቼን እንዲርቁኝ የማስተምራቸው እኔው ራሴ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የሳል መድኃኒት ልቀበል ክሊኒክ ስሄድ ቆይማን በሩ ላይ አየሁት። አጠገቡ ሚስቱ፣ እቅፏ ውስጥ የተጠቀለለ ጨቅላ፣ ከኋላቸው ቦርሳ ያንጠለጠሉ አማት። ልጅ ወልዷል እትዬ! ደንቡ ከአእምሮዬ ጠፋና ሁለት እጄን ዘርግቼ ወደ እሱ ተራመድኩ። አየኝ። ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ አለፈኝ። አማቱ ዞር ብለው «ሰውዬው ያውቅሃል እንዴ?» ሲሉት ሰማሁ። «አይ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶበት ነው» አላቸው።

የዘረጋሁትን እጅ የት ላድርገው? ኪሴ ከተትኩት። ልክ ነው፣ ያስተማርኩትን ነው ያደረገው ብዬ ራሴን ገሰጽኩ፤ ሆድ ግን ደንብ አያውቅም። መድኃኒቱንም ሳልቀበል ተመለስኩ። ክፍሌ ገብቼ ከነጫማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ ባልና ሚስት ወጡ ጨው በዛበት፣ አልበዛበትም እያሉ ይነታረካሉ። ስለ ጨው እንኳ የሚነተርከኝ ሰው የለኝ አልኩ። እንዳትስቂብኝ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? ከትናንት በስቲያ ከሥራ ስወጣ ዘበኛው «ሰው ይፈልግሃል» አለኝ። ብወጣ ቆይማ ነው። በሕይወቴ ዳግም አላየውም ብሎ የማለበት አጥር ሥር ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሚስቴ ሁሉንም ታውቃለች፤ እናቷ ግን አያውቁም። ካወቁ ልጃቸውንም ልጄንም ይዘውብኝ ይሄዳሉ። እኔ... ካድኩህ» አለኝ። «አልካድከኝም፤ ቤትህን ጠበቅህ። ነገም ብታገኘኝ እለፈኝ» አልኩት። «ልጄን እንኳ ና እያት ልልህ አልችልም» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ጎን ለጎን ሄድን። ልጄ ስታዛጋ ቁርጥ እናቴን ናት አለኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ እጄን ይዞ አልለቅ አለ፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋበት። ከዚያ ተሳፍሮ ሄደ። ደስ ብሎኛል እትዬ፣ እውነቴን ነው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ግን እዚያ ማቆሚያ ላይ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ላንቺ ጻፍኩት።

ወደ እኛ ተመለስና የራስህን ሥራ ክፈት ማለትሽን አውጥቼ አውርጄዋለሁ። አሁን አይሆንልኝም። አዳዲሶች ገብተዋል፤ መዶሻ ሲይዙ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንድ አዛውንት አሉበት፤ ጥያቸው ብመጣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ አንቺ ነይ፤ ለጥቂት ቀንም ቢሆን ነይልኝ። ስትመጪ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ከአውቶቡስ ስትወርጂ ሰው አለ የለም ሳትይ፣ ባለ በሌለ ድምፅሽ በስሜ ጥሪኝ። በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ስሜን ጮክ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም፤ መጠራት አማረኝ።

ጋሼን «ጉልበትዎን ስሟል» በይልኝ። ትልቋን፣ ፈተና አያስፈራሽ፣ ከአጎትሽ ራስ ይልቅ ያንቺ ይሻላል በያት። መንትዮቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ተራ ይጣላሉና ከማን እንደጀመርሽ አትንገሪያቸው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽንም እንዳልረሳኋት ንገሪያት።

የሚናፍቅሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ በግንቦት ማብቂያ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ